ነጩ ሰሌዳና ምስማሩ

መጀመሪያ የሄድኩት በራሴ ፍላጎት አልነበረም። ላብራቶሪ ውስጥ አብሮኝ የሚማር ጃፓናዊ ልጅ ሁለት ቲኬት ቆርጦ ጓደኛው ቀረችበትና «ና እንሂድ፣ ይሄ ፊልም ቋንቋ አይፈልግም» አለኝ። ቶኪዮ ከገባሁ ሰባተኛ ወሬን ይዤ ነበር። በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ሲቪል ምሕንድስና ልማር ነው የሄድኩት። ቀን የኮንክሪት ናሙና በማሽን እየጨፈለቅሁ ጥንካሬውን ስመዘግብ እውላለሁ፤ ማታ ካንጂ የሚባለውን የማያልቅ ፊደላቸውን ስጽፍ አመሻለሁ። ያን ሰሞን ቋንቋ የማይፈልግ ነገር ለእኔ ዕረፍት ነበር። እሺ አልኩት።

ከሺቡያ ባቡር ጣቢያ የሚወርደው ሕዝብ አብዛኛው የሚጎርፈው ሐቺኮ የተባለው ውሻ ሐውልት ወዳለበት በር ነው። እኛ በተቃራኒው ወጥተን ሚያማሱዛካ የሚባለውን ዳገት ተያያዝነው። ዳገቱን ጨርሰን ከአዎያማ ጎዳና ወደ ውስጥ ስንታጠፍ የከተማው ጩኸት እንደ ራዲዮ ተዘጋ። ኢሜጅ ፎረም የምትባለው ሲኒማ ቤት ያለችው እዚያ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ነው። ለቲኬቷ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ሦስት ቀን ምሳ የሚያበላኝን ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። በፈንዲሻ ሽታ ፋንታ የወረቀትና የአዲስ መጽሐፍ ሽታ ነው የሚቀበላችሁ። አዳራሹ መቶ ሰው ቢይዝ ነው።

ጃፓኖች እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች «ሚኒ ሺያታ» ይሏቸዋል። በትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ሥር አይደሉም፤ የሚያሳዩትን ራሳቸው ይመርጣሉ። ኢሜጅ ፎረም በዚህ ስም ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ሺቡያ የገባችው በ2000። (የጃፓኖቹን ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሥሯ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ገበያ የሌላቸውን ፊልሞች እየሰበሰቡ በየአዳራሹ የሚያሳዩ ጥቂት ሰዎች ናቸው የመሠረቷት። ፊልም መሥራት የሚያስተምሩበት ክፍልም አላቸው። የሙከራ ፊልም የሚሉትን፣ ታሪክ ከመንገር ይልቅ ማየትን ራሱን የሚፈትነውን ሥራ፣ ለዓመታት ተሸክመው የኖሩ ናቸው።

መብራቱ ጠፋ። ከኋላችን የአሥራ ስድስት ሚሊሜትሩ ማሽን ትርርር ማለት ጀመረ።

የመጀመሪያው ፊልም የቶሺዮ ማትሱሞቶ «አትማን» ነበር። በ1975 የተሠራ ነው፤ 11 ደቂቃ ይፈጃል። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። ደጅ ተቀምጧል፤ ፊቱ ላይ ሐንያ የሚባለውን፣ «ኖህ» የሚሉትን የጃፓኖች ቴአትር ጭንብል አጥልቋል። ሐንያ ቅናት ጋኔን ያደረጋት ሴት ናት፤ ሁለት ቀንድ አላት፣ አፏ እስከ ጉንጯ ድረስ ተቀዷል። ከዚህ ሌላ ታሪክ የለም። ካሜራው ሰውየውን ይዞረዋል፣ በቃ። ማትሱሞቶ በዙሪያው 480 የካሜራ ቦታ አውጥቶ ከየቦታው ያነሳውን ምስል ነው አንድ በአንድ የቀጣጠለው። የተቀረጸበት ፊልም ኢንፍራሬድ ስለሆነ ሰማዩም ሣሩም ዓይናችን የሚያውቀው ቀለም የላቸውም። መጀመሪያ በቀስታ ይዞራል። ከዚያ ይፈጥናል፤ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ ድንገት አቅጣጫ ይቀይራል። የቶሺ ኢቺያናጊ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እላዩ ላይ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ፊልሙ ሳይጋመስ የወንበሩን እጀታ ጨብጬ ነበር። የተቀመጠው ሰው ንቅንቅ አላለም፤ እኔ ነኝ የምዞረው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም የታየበትን ቤት አባቶቻችን «ሰይጣን ቤት» ብለው ነበር የጠሩት። ልጅ ሆነን ይህን ስንሰማ ባለማወቃቸው እንስቅ ነበር። ያን ማታ በሳቄ ነው ያፈርኩት። እነሱ ነጭ ሸራ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ አይተው የደነገጡትን ድንጋጤ እኔ ከመቶ ዓመት በኋላ አገኘሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንትና ስንት ፊልም አይቼ፣ ፊልም ማለት ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ አንድም ቀን ልብ አላልኩም ነበር።

ቀጥሎ የታካሺ ኢቶ «ስፔሲ» መጣ። ይህ ደግሞ ልቤን ጭልጥ አድርጎ ወሰደው። ኢቶ በደቡብ ጃፓን ፉኩኦካ ማትሱሞቶ ያስተማረው ልጅ ነው፤ ፊልሙን የሠራው በ1981 ነው። ቦታው የትምህርት ቤት ጂምናዚየም ነው፣ ባዶ። ወለሉ ላይ ፎቶ የተለጠፈባቸው ማቆሚያዎች ተተክለዋል። ካሜራው ወደ አንዱ ፎቶ በቀጥታ ይንደረደራል፤ ደረሰ፣ ሊጋጭ ነው ስትሉ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ፎቶው ውስጥ ያለው ያው ጂምናዚየም ነው፤ እሱም ውስጥ ያው ማቆሚያ፣ ማቆሚያው ላይም ያው ፎቶ። እንደገና ይንደረደራል፣ እንደገና ይገባል። ከዚያ በጎን፣ ከዚያ ተዘቅዝቆ፣ ከዚያ ዓይን መከተል በማይችለው ፍጥነት። አሥር ደቂቃ ሙሉ በር በበር ላይ ይከፈታል፤ ውጪ የሚባል ነገር የለም። ጓደኛዬ በኋላ እንደነገረኝ ይህ ሁሉ 700 የቆሙ ፎቶዎች ናቸው። የኮንክሪት ናሙና አንድ በአንድ እየቆጠረ ለሚውል ሰው ይህ ቁጥር ባዶ ቁጥር አይደለም። አንድ ወጣት ባዶ ጂምናዚየም ውስጥ ሆኖ ካሜራውን ጥቂት ያስጠጋል፣ ያነሳል፣ ደግሞ ጥቂት ያስጠጋል፤ ሰባት መቶ ጊዜ። ትዕግሥቱ ነው ያስደነቀኝ፤ ያ ሁሉ ድካም እኔ ለአንዲት አፍታ ወለሉ ከሥሬ እንዲከዳኝ ተብሎ ነው።

ፊልሙ አለቀ፤ ማንም አልተነሳም። ስሞቹ እስኪያልፉ፣ ሸራው ጥቁር እስኪሆን፣ መብራቱ እስኪበራ ሁሉም ዝም ብሎ ተቀምጧል። ከዚያም አንድ በአንድ፣ ጃንጥላቸውን እየፈለጉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወጡ። እኔ ያደግሁት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። እዚያ ዝምታ የለም። የሕንድ ፊልሙን ትናንት ያየ ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጥና «አሁን ወንድሙ ነው የሚመጣው! ግን ወንድሙ መሆኑን አላወቀም!» እያለ ይተርክልናል፤ ጀግናው ሲመታ እናለቅሳለን፣ ሲመታቸው እንጨፍራለን። ሁለቱም የፊልም ፍቅር ነው፤ አንዱን ከሌላው አላበልጥም። ደግሞም ብዙ ሳልቆይ እንዳወቅሁት ጃፓኖችም ያንን ልጅ ያውቁታል። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ከሸራው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን በቃሉ የሚተርክ፣ የሁሉንም ሰው ድምፅ የሚያወጣ «ቤንሺ» የሚባል ባለሙያ ነበራቸው። ሰው ፊልሙን ትቶ ለቤንሺው ብሎ ይሄድ ነበር ይባላል።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን መመላለስ ያዝኩ። በወር ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ። ሁልጊዜ ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ዳር ላይ የሚቀመጥ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነበር፤ በልቤ «ጋሼ» እለዋለሁ። ለብዙ ጊዜ በአንገት ብቻ ሰላም ተባባልን። አንድ ቀን በር ላይ ዝናብ እስኪያባራ ቆመን «ከየት ነህ?» አለኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

«አበበ!» አለ ወዲያው። ጃፓን የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው አገራችንን ሲሰማ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው አበበ ቢቂላ ነው። ይህ ሰው ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ በዓይኑ አይቶታል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን መንገድ ከስታዲየሙ ወጥቶ በሺንጁኩ በኩል ነበር የሚያልፈው። እሱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ መንገድ ዳር ከሰው ትከሻ ሥር ተሹለክልኮ ቆሟል። «ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም» አለኝ፤ «እንደዚያ ያለ ጸጥ ያለ ፊት ከዚያ በኋላ አላየሁም።» አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ገብቶም ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ኮን ኢቺካዋ የውድድሩን ፊልም «ቶኪዮ ኦሎምፒያድ»ን በ1965 ሲያወጣ አንዳንድ ባለሥልጣናት ተቆጥተዋል፤ የፈለጉት የውጤት መዝገብ ነበር፣ ያገኙት የሰው ፊት፣ ላብ፣ ጡንቻና ትንፋሽ ነው። አበበን ካሜራው በቅርብ ይዞት በዝግታ ሲሮጥ ይታያል፤ ሯጭ ሳይሆን ብቻውን የሚያስብ ሰው ይመስላል። ጋሼ ስለ ፊልም ማሰብ የጀመረው ያን አይቶ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ጃፓን ድረስ ሄጄ የማየውን ፊልም እሱ እንዲያይ የገፋው የእኛ ሰው ፊት ነበር።

ወጣት ሳለ ሺንጁኩ ውስጥ ያደረበትን ሲኒማ ቤት ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። አርት ቴአትር ጊልድ የሚባለው ድርጅት በሺንጁኩ ቡንካ አዳራሹ ማንም ኩባንያ የማይነካቸውን ፊልሞች ያሳይ ነበር፤ በኋላም በትንሽ በጀት ራሱ ማሠራት ጀመረ። በ1967 ከዚያው ሕንጻ ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ «ሳሶሪዛ» የሚባል ትንሽ ቤት ተከፈተ፤ የጊንጡ ቲያትር ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ደራሲው ዩኪዮ ሚሺማ ነው። ጋሼ እዚያ ወለል ላይ ተቀምጦ ያየውን ይነግረኛል፤ እኔ ዛሬ ድረስ በቦታው የነበርኩ ይመስለኛል።

አሁን በርዕሱ ወደጠቀስኩት ምስማር ልምጣ።

ሹጂ ቴራያማ ገጣሚ ነበር፤ የቴአትር ሰው፣ የፈረስ እሽቅድምድም ጸሐፊ፣ የፊልም ሠሪ። የተወለደው በ1935 በሰሜን ነው። አባቱን ጦርነት ወሰደበት፤ እናቱ ሥራ ፍለጋ ሩቅ ስትሄድ አኦሞሪ ከተማ ሲኒማ ቤት ያላቸው ዘመዱ ወሰዱት። የሚኖርበት ክፍል ከሸራው ጀርባ ነበር። አስቡት፤ ሌላው ልጅ ፊልምን ከፊት ሲያይ እሱ ከኋላ ሆኖ የሳቅና የለቅሶ ድምፅ እየሰማ ነው ያደገው። «ሎራ» በሚለው አጭር ፊልሙ ሸራው ላይ ያሉት ሴቶች ተመልካቹን ሲሰድቡ አንድ ሰው ከመሐላችን ተነስቶ ሮጦ ይገባባቸዋል፤ ሸራው ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ነው፣ ሰውየው በስንጥቁ ገብቶ ፊልሙ ውስጥ ይታያል። ያ ልጅ አድጎ የሸራውን በር ከፈተው አልኩ በልቤ።

«ፍርዱ» የሚለው የ1975 ፊልሙ ግን ከዚህ ያልፋል። ሰላሳ ደቂቃ ያህል ሰዎች ምስማር ሲመቱ ታያላችሁ፤ አንዱ መንገድ ላይ፣ ሌላው ቤት ውስጥ፣ ሌላው ቁመቱን የሚያክል ምስማር ተሸክሞ እንደ መስቀል እየተንገዳገደ። ይህ ፊልም በታየበት ማታ የተወጠረው ሸራ አልነበረም፤ ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ነው። መጨረሻ ላይ ምስሉ ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ። የሲኒማ ቤቷ ልጆች መዶሻና ምስማር ይዘው ወጡ፤ ማሽኑ እንደበራ ነው። ጋሼ ተነሳና መዶሻ ወስዶ መጣ፤ ለእኔም አንድ አቀበለኝ።

አባቴ አናጺ ነው። ከሰሌዳው ፊት ስቆም ሳላስበው ምስማሮቹን በከንፈሬ ያዝኳቸው፤ አባቴ እንደዚያ ነው የሚይዘው፣ ሁለቱም እጆቹ እንዲፈቱለት። አጠገቤ የነበረችው ልጅ አይታኝ እሷም እንደኔ አደረገች። ጥላችን ሰሌዳው ላይ ወድቋል፤ የመዶሻው ጥላ ከመዶሻው ቀድሞ ይመታል። መጀመሪያ ሁሉም እያፈረ፣ ቀስ እያለ፣ ጠ... ጠ... ጠ... ከዚያ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ አንድ ላይ ሆነ። ሃያ ሰው የማይሞላ ሕዝብ ቤቷን አናወጣት። ቃል የለም፤ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው። ያን ያህል ከሰው ጋር የሆንኩበት ምሽት ጃፓን ውስጥ አልነበረኝም። ማሽኑ ሲቆም ብርሃኑ ጠፋ፤ መዶሻችንን እንደያዝን ጨለማ ውስጥ ቆምን።

እሑድ ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እንጨቱ ምን ነበር?» አለኝ።

አላየሁትም አልኩት።

«ምስማር ስትመታ እንጨቱን ሳታይ?»

በሚቀጥለው ጊዜ ጋሼ ሻይ ጋበዘኝና የፈራሁትን ጥያቄ አመጣ፤ «የእናንተስ ፊልም ሠሪዎች? ንገረኝ እስቲ።» የሕንዱንም፣ የአሜሪካኑንም፣ የእነሱንም ስም እየጠራሁ ስንት ማታ አውርቻለሁ። ስለ አገሬ ሲጠይቀኝ የኃይሌ ገሪማን ስም ብቻ ነበር የማውቀው፤ ፊልሙን አላየሁትም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ጋሼ አልገፋኝም፤ ሻዩን ቀዳልኝ።

በዚያ ሳምንት ከሰሜን ምሥራቅ ቶኪዮ፣ ከካትሱሺካ ቀበሌ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ዮትሱጊ አካባቢ አንድ የአገሬ ሰው የቪዲዮ ካሴት አዋሰኝ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይላል። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፤ አሜሪካ ሄዶ ፊልም ይማር ነበር። ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት በ1966 ዓ.ም. ክረምት አገር ቤት መጥቶ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው ነው። ገበሬ ሲያርስ ታያለህ፤ ማረሱ አያልቅም። ሴቶች ሸክም ይዘው ሲመጡ ከሩቅ ጀምሮ እስኪደርሱ ድረስ ትጠብቃለህ። ከጃፓን በፊት ቢሆን አሥር ደቂቃ አልቆይም ነበር፤ እውነቴን ነው። አሁን ግን አንድ ጭንብል ለ11 ደቂቃ ሲዞር ያየ፣ ባዶ ጂምናዚየም ውስጥ ሰባት መቶ ጊዜ የተራመደ ዓይን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ያች ሴት ዳገቱን እስክትወጣ ጠበቅኋት። የአያቴ አካሄድ ነው፤ ያው የወገብ መጉበጥ፣ ያው የእግር አጣጣል። ኃይሌ ያስረዘመው የእኛ ቀን ራሱ ረጅም ስለሆነ ነው። መኝታ ቤቴ ወለል ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ስሞቹ እስኪያልፉ አልተነሳሁም።

ከመመለሴ በፊት በኢሜጅ ፎረም ያየሁት የመጨረሻው ፊልም የቴይኖሱኬ ኪኑጋሳ «ኩሩታ ኢፔጂ» ነው፤ «ያበደ ገጽ» ብንለው ያስኬዳል። በ1926 የተሠራ ነው፤ ጽሑፉ ላይ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የያሱናሪ ካዋባታ እጅ አለበት። አንድ ሽማግሌ ሚስቱ በተኛችበት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ይኖራል፤ በፊልሙ ላይ አንዲትም የጽሑፍ ማብራሪያ የለም። መጨረሻ አካባቢ ሽማግሌው በሕልሙ ለሕሙማኑ የሚስቁ ጭንብሎች ሲያጠልቅላቸው ያያል። ለሚስቱም እንዲሁ ያደርግላታል። ያን ስመለከት አጠገቤ ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ይዞ ነበር።

ስንወጣ የፊልሙን ታሪክ ነገረኝ። ለአርባ አምስት ዓመታት ጠፍቷል ተብሎ ነበር። ጦርነት አለፈ፣ ከተማው ተቃጠለ፣ ኪኑጋሳ ራሱ ሌሎች ፊልሞች ሠርቶ በዓለም ታወቀ። በ1971 ሽማግሌው ኪኑጋሳ የራሱን ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ሲያገላብጥ የፊልሙን ጥቅል አገኘው። በቤቱ፣ በራሱ ዕቃ መካከል። ጥቅሉ ባይገኝ እኔና ጋሼ ያን ማታ የምናየው አልነበረም፤ ዛሬ የጃፓን ሲኒማ ታሪክ ሲጻፍ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች የማይቀረው ያ ፊልም ስም ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ዓመታት አልፈዋል። አባቴ አርፏል፤ የእሱን ዕቃ ቤት ስንፈትሽ ከመጋዝና ከመላጊያው ሥር ከጃፓን የላክሁለትን ፖስትካርዶች አገኘሁ፤ ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጧቸዋል። ስለ ኪኑጋሳ ያሰብኩት ያኔ ነው። አበበ ቶኪዮ በሮጠበት በዚያው በ1957 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙሉ ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ተሠርቷል። በዚያ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሚሲዮኑ፣ በየሠርጉ ሰዎች በፊልም ቀርጸዋል። ያ ሁሉ ጥቅል አንድ ቦታ አለ፤ አንዳንዱ ይህን በምታነቡ ሰዎች ቤት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቆጥ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ የአያታችሁ ሳጥን ውስጥ ክብ ቆርቆሮ ካገኛችሁ ክፈቱትና አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው፤ ጊዜ የለውም። በጣታችሁ አትዘርጉት፣ ፀሐይ ላይ አታውጡት፣ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ ወመዘክር ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ወይም ፊልም የሚሠራ የምታውቁትን ሰው ጥሩ። ቆርቆሮውን ብቻ ለቆራሌ አትስጡት።